ለሥዕሉ የሚገባው ክፈፍ



ወደ ክርስቲያን ቤት የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ግድግዳውን፥ በግድግዳውም ላይ የተሰቀለውን ቅዱስ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ከግድግዳው የሚለየው፥ የሚጠብቀውና የሚያከብረው ደግሞ ክፈፉ ነው። ሰው ልብስ ሲገዛ ልኩን ይለካል፥ ጨርቁን ይዳስሳል፥ ስፌቱን ይመረምራል። ለሥዕሉ ክፈፍ ሲመርጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ማብረቅረቁን ብቻ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ክፈፍ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚመረጥ፥ ከመረጥነውም በኋላ እንዴት እንደሚያዝ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ለዚህ ምክንያት የሆነን ከወደ ሐብሩ የደረሰን አንድ ጥያቄ ነው። በመርሳ የሚኖሩ አንዲት እናት ከአባታቸው የወረሱት፥ በሸማ ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል አላቸው። ሥዕሉ ዘመን የቈጠረ ስለ ሆነ ጠርዙ መበላት ጀምሯል። ልጆቻቸውም እናታቸውን ደስ ለማሰኘት ሲሉ ወደ ወልድያ ወስደው ወርቅማ ክፈፍና መስታወት ሊያስገቡለት ተስማሙ። ነገር ግን ተሠርቶ የተቀመጠው ክፈፍ ከሥዕሉ በአራት ጣት ያህል የሚያንስ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛውም፥ «ከታች ያለው ባዶ ቦታና ጽሕፈት ቢቈረጥ ልክ ይሆናል» አላቸው። እናትየዋ ከታች ያለው ጽሕፈት የአያታቸውን ስም የያዘ መሆኑን ያውቃሉና እንቢ አሉ። ልጆቹ ደግሞ የተከፈለው ቀብድ በከንቱ መቅረቱ ነው ብለው አዘኑ። በመጨረሻም «ከሁለታችን ማን ትክክል ነው?» ብለው ጠየቁን።

መልሳችን አጭር ነው። ክፈፉ ስለ ሥዕሉ ይሠራል እንጂ ሥዕሉ ስለ ክፈፉ አይቈረጥም። እውነቱ ከእናትየዋ ጋር ነው። ይህን ስንል ግን ልጆቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያሰቡት በጎ ነገር ነው። በጎው ሐሳብ መልካም ፍሬ እንዲያፈራ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ክፈፍ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በየከተማው «ፍሬም» ማለት ቢለመድም፥ አንድን ነገር ዙሪያውን ለሚይዘው ክፈፍ፥ ለበርና ለመስኮት ዙሪያ እንጨት ደግሞ መቃን የሚሉ የቈዩ ቃላት አሉን። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 ስለ ኅብስተ ገጹ ገበታ አሠራር በተነገረበት ስፍራ፥ በገበታው ዙሪያ አንድ ጋት የሚያህል ክፈፍ እንዲደረግለት መታዘዙን እናነባለን። ጋት ማለት የአራት ጣት ስፋት ነው። ገበታው ያለ ክፈፍ ኅብስቱን ሊሸከም አይችልም ነበርን? ይችል ነበር። ነገር ግን ለእግዚአብሔር የተለየ ነገር ወሰኑ ሊታወቅ ይገባዋልና ክፈፍ ተደረገለት። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 12 ደግሞ የፋሲካው በግ ደም የተቀባው በመቃኑና በጉበኑ ላይ ነው፤ መቃኑ የውስጡን ከውጭው የሚለይ ምልክት ነበርና። የሥዕል ክፈፍም ሥራው ይኸው ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ተራ ግድግዳ ነው፥ ከዚህ ወዲህ ያለው ግን የጸሎት ቦታ ነው ብሎ ያለ ድምፅ ይናገራል።

አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት ብራናቸው በዘመናዊ ሳይንስ ተመርምሮ፥ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። በእነዚህ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ አውሳብዮስ ያዘጋጀው የአራቱ ወንጌላት ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ይገኛል። ሰንጠረዡ በራሱ የቍጥር ተራ ነው፤ ነገር ግን ሠዓሊው በዓምዶችና በቅስቶች መካከል ስላኖረው፥ አንባቢው ወደ ወንጌሉ በታላቅ በር የሚገባ ይመስለዋል። ከዚያም በኋላ በተነሡት ዘመናት ጸሐፊዎቻችን በብራናው ራስጌና ጐን ሐረግ እየሳሉ መጻሕፍቱን አስጊጠዋል። ሐረግ የመጽሐፍ ክፈፍ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ወደ ራሳችን አውራጃ ስንመለስ፥ በላስታ የሚገኘው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። በውስጡም በዐፄ ይኵኖ አምላክ ዘመን፥ ማለት ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. ከነበረው መንግሥት ጋር የተያያዙ ሥዕሎች አሉ። በዚያ እንጨት የለም፥ መስታወትም የለም፤ ዓምዱና ቅስቱ ራሱ የሥዕሉ መቃን ሆኗል። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰውም የመላእክቱ ፊት በጣሪያው እንጨቶች መካከል በተራ እንደ ተደረደረ ያስታውሳል። እንጨቱ ጣሪያውን ይሸከማል፥ ደግሞም ለሥዕሉ ክፈፍ ሆኖ ያገለግላል።

በእንጨት ላይ ወደሚሣሉት ሥዕሎች ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል ክብር ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በሥዕሉ ላይ የጻፈው ስሙ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተሠሩትን ተከፋች ሥዕሎች የመረመረ ሰው አንድ ብልኃት ያገኛል። አናጢው ጣውላውን ሲያዘጋጅ ሥዕሉ የሚያርፍበትን መካከለኛ ሜዳ ፈልፍሎ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዙሪያውን ግን ከፍ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ክፈፉ ከሌላ እንጨት ተቈርጦ የተለጠፈ አይደለም፤ ከሥዕሉ ጋር አንድ እንጨት ነው። ጥቅሙም ለውበት ብቻ አይደለም። ክንፎቹ ሲታጠፉ ከፍ ያለው ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ይገጥማል፥ የተቀባው ፊት ግን ከፊት ጋር አይፋተግም። የሩሲያ ሠዓልያን እንዲህ የተፈለፈለውን የሥዕል ሜዳ በቋንቋቸው «ኮቭቼግ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ታቦት ማለት ነው። በአውሮፓም ቢሆን በቀድሞ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ክፈፉ አብረው ይሠሩ ነበር። ክፈፍ ለብቻው ተሠርቶ ለብቻው መሸጥ የተለመደው ኋላ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የምንወስደው ትምህርት ምንድን ነው? ክፈፍ ሦስት ግዴታ እንዳለበት እንረዳለን። አንደኛው ሥዕሉን ከጉዳት መጠበቅ፥ ሁለተኛው ከሌላው ነገር መለየት፥ ሦስተኛው ራሱ ዝም ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መልካም አሽከር እንግዳ ሲያስተናግድ ድምፁን እንደማያሰማ ሁሉ፥ መልካም ክፈፍም ዐይንን ወደ ሥዕሉ ይልካል እንጂ በራሱ ላይ አያስቀርም።

የሀገራችን ሥዕል ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ቀዩ ቀይ፥ ብጫው ብጫ፥ አረንጓዴውም አረንጓዴ ነው። የሰውነቱ ቅርፅም በጥቍር መሥመር ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ላለው ሥዕል አበባና ቅጠል የበዛበት፥ የወርቅ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ክፈፍ ሲደረግለት ሁለቱ ይጣላሉ፤ ዐይንም የቱን እንደሚያይ ይቸገራል። ጠቆር ያለ፥ ጌጥ ያልበዛበት፥ የእንጨቱ መልክ የሚታይ ክፈፍ ግን ቀለሙን አጕልቶ ያሳየዋል። ጥቍር ቀለም ኀዘን ይመስላል የሚሉ ቢኖሩ የቡናማውን እንጨት መልክ ይምረጡ። በወረቀት የታተመው፥ ቀለሙ የለዘበና ጥላ የበዛበት የአውሮፓ አሣሣል ያለበት ሥዕል ደግሞ ቀጭን ወርቅማ መሥመር ቢጨመርለት ያምርበታል። ስፋቱን በሚመለከት፥ ለስንዝር ያህል ሥዕል ሁለት ጣት፥ ለክንድ ያህል ሥዕል ሦስት ወይም አራት ጣት ስፋት ያለው ክፈፍ ይበቃል። ለማንኛውም የክፈፉ ስፋት ከተሣለው ፊት ስፋት ጋር እኩል እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። እኩል የሆኑ ነገሮች ይፎካከራሉና።

ስለ እንጨቱም መናገር ያስፈልጋል። የቀድሞ ሠዓልያን ለሥዕል ጣውላ ዋንዛንና ወይራን ይመርጡ ነበር። ዋንዛ ለመጥረብ የሚመች፥ ብዙም የማይጣመም እንጨት ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ጥድም መልካም ሽታ ያለውና ለነፍሳት የማይመች ነው። በርጥቡ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ማዕዘኑም ይከፈታል። ይህን ስንል ለክፈፍ ብላችሁ የቆመ ዋንዛ ቍረጡ ማለታችን አይደለም። በየቤቱ የተጣለ የአሮጌ በር፥ የአልጋ ወይም የሣጥን ጣውላ አለ፤ ብዙ ክረምትና በጋ ያሳለፈ እንጨት ከእንግዲህ አይጣመምም። ከአያት በር የተሠራ ክፈፍ ለአያት ሥዕል ቢሆን እንዴት ያማረ ነው! ወደ ቈላማው የሐብሩ ክፍል የሚኖሩ አንባብያን ደግሞ የምስጥን ነገር ያውቁታል፤ ክፈፉ ከመሰቀሉ በፊት ጀርባውና ማዕዘኑ እንዲመረመር፥ ከተሰቀለም በኋላ በየጊዜው እየወረደ እንዲታይ እናሳስባለን።

ወደ አናጢው ስትሄዱ ሥዕሉን ሳይሆን ልኩን ውሰዱ። ሥዕሉን በንጹሕ ወረቀት ላይ አጋድማችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ ወረቀቱንም በዚያው ልክ ቈርጣችሁ ለአናጢው ስጡት። እንዲህ ብታደርጉ ሥዕሉ ከቤት አይወጣም፥ በሱቅ ውስጥም ከተራ ዕቃ ጋር አይደባለቅም። በወሎ አናጢያችን ክርስቲያንም ሙስሊም ጐረቤታችንም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በሙያቸው እንዲያገለግሉን በወረቀቱ ልክ መስጠት ለሁሉም የሚመች ልማድ ነው። ክፈፉ ከኋላው በደረጃ የተፈለፈለ ቦይ እንዲኖረው ንገሩት፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ቦዩም ከሥዕሉ ልክ በየጐኑ የአንድ ገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል ሰፋ ይበል። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይነፋል፥ በበጋም ደርቆ ይኰማተራል፤ መፈናፈኛ ያጣ ጣውላ ይሰነጠቃል፥ በላዩ ያለውም ነጭ ጀሶና ቀለም ይረግፋል።

ክፈፉ ተሠርቶ ሲመጣ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ነገር ፈትኑ። ክር ወስዳችሁ ከላይኛው ቀኝ ማዕዘን እስከ ታችኛው ግራ ማዕዘን ለኩ፤ ቀጥሎም ከላይኛው ግራ እስከ ታችኛው ቀኝ ለኩ። ሁለቱ ልክ እኩል ከሆነ ክፈፉ ቀጥ ያለ ነው፤ እኩል ካልሆነ ግን ጠማማ ነውና ይመለስ። የማዕዘኖቹንም መጋጠሚያ ተመልከቱ። ሁለቱ እንጨቶች በሰያፍ ተቈርጠው፥ በመካከላቸው ብርሃን ሳያሳልፉ መጋጠም ይገባቸዋል። ክፍተቱን በቀለምና በሙጫ የሸፈነ ሥራ ዓመት አይቈይም።

መስታወትን በሚመለከት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወረቀት ለታተመ ሥዕል መስታወት መልካም ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር መነካካት የለበትም። በክረምት ሌሊት በመስታወቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጤዛ ወረቀቱን ያጣብቀዋል፤ ኋላ ሊለዩት ሲሞክሩ የቅዱሱ ፊት በመስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሥዕሉ ዙሪያ ከነጭ ወፍራም ወረቀት የተቈረጠ ኅዳግ ይደረግ፤ ኅዳጉ ሥዕሉን ከመስታወቱ ያርቀዋል፥ ለዐይንም ዕረፍት ይሰጣል። የታችኛው ኅዳግ ከላይኛው በጥቂቱ ሰፋ ቢል ሥዕሉ ወደ ታች የወረደ አይመስልም። ከኋላ የሚደረገውም ካርቶን የዕቃ ማሸጊያ ቍራጭ አይሁን፤ እንዲህ ያለው ካርቶን በዘመን ብዛት ወረቀቱን ያበጨዋል፥ ያደርቀዋልም። ሥዕሉን በሙጫ በጣውላ ላይ መለጠፍ ወይም በሚጣበቅ ፕላስተር ማሰር ፈጽሞ አይገባም።

በእንጨት ወይም በሸማ ላይ ለተሣለ ሥዕል ግን መስታወት የግድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለእነዚህ የምታውቀው ሌላ ጠባቂ አለ፤ ይኸውም መጋረጃ ነው። በክፈፉ ላይኛ ጠርዝ ቀጭን ዘንግ ተሰክቶ ንጹሕ ስስ ነጠላ ቢጋረድበት፥ አቧራና ፀሐይ አይደርስበትም፥ አየርም አይታገድበትም። በጸሎት ጊዜ መጋረጃውን መግለጥ ለልጆችም ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሥዕሉ እንደ ማንኛውም ዕቃ ሁልጊዜ የሚታይ ሳይሆን፥ በአክብሮት የሚገለጥ መሆኑን በዐይናቸው አይተው ይማራሉና። ተከፋች ሥዕል ያላቸው ቤቶች ደግሞ በግድግዳ ላይ በመስታወት ሣጥን እንዳይዘጉበት እንለምናለን። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጀርባቸውም መስቀል ወይም ሐረግ የተቀረጸባቸው ናቸው። እንዲህ ላለው ከሁሉ የሚሻለው ክፈፍ አለመጨመር ነው፤ ክፈፉ ከጥንት አብሮት ተፈጥሯል። በትንሽ አትሮንስ ወይም በንጹሕ መደርደሪያ ላይ ቢቆም ይበቃዋል።

ስለ መስቀያው ቦታም እንናገር። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ምስማሩ በጭቃው ላይ ሳይሆን ከውስጥ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ ይመታ። ክፈፉ በሁለት ምስማር ቢሰቀል ከአንዱ ይልቅ ይጸናል፥ አይዘምምምም። በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ጀርባ ቍራጭ ቡሽ ቢለጠፍ ክፈፉ ከግድግዳው ፈቀቅ ይላል፥ አየርም በመካከሉ ያልፋል፥ የግድግዳውም እርጥበት ወደ ሥዕሉ አይተላለፍም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት፥ ከምድጃ በላይና ውኃ ከሚንጠባጠብበት ጣሪያ ሥር አይሰቀል። ጧፍና ዕጣን ለጸሎት የተገቡ ናቸው፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር ተጠግተው ከነደዱ ጢሳቸው ፊቱን ያጠቍረዋል። ቢያንስ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይራቁ። የጠቈረውንም ሥዕል በውኃ፥ በሎሚ ወይም በዘይት ለማጠብ የሚደፍሩ አሉ፤ ይህ ከጢሱ የከፋ ጉዳት ነው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ከማራገፍ ያለፈውን ሥራ ለባለ ሙያ መተው ነው።

በብዙ ቤት የምናየው ሌላ ልማድ አለ። የተማሪው ልጅ ጉርድ ፎቶግራፍ፥ በዐረብ አገር ያለችው እኅት ምስል፥ የሟች ዘመድ መታሰቢያ ወረቀት፥ አንዳንድ ጊዜም ብር በሥዕሉ ክፈፍ ጥግ ይሰካል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር የተነሣ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ያች እናት ልጅዋን ለእመቤታችን አደራ መስጠትዋ ነው። ሆኖም የተሰካው ወረቀት መስታወቱን ያላቅቀዋል፥ አቧራ ያስገባል፥ ደግሞም የጸሎቱን ሥዕልና የቤተ ሰቡን ምስል በአንድ ክፈፍ ያደባልቃል። ለቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ የራሱ ክፈፍ ተሠርቶለት በሌላ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ አደራው ግን በጸሎት ይነገር። አደራ የሚሰማው በክፈፉ ጥግ ስለ ተሰካ አይደለምና።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በሀገራችን የአሣሣል ልማድ፥ ከቅዱሳኑ ራስ አጠገብ ስማቸው ይጻፋል። ከሥዕሉ ግርጌ ደግሞ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ብዙ ጊዜ ተንበርክኮ ወይም በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል፤ በአጠገቡም ስሙና መማፀኑ ይጻፋል። የላይኛው ጽሕፈት ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ የታችኛው ሥዕሉ ለምን እንደ ተሣለ ይነግረናል። ክፈፍ ሠሪው «ባዶ ቦታ» ያለው እንግዲህ ባዶ አይደለም። በዚያ የቆመ ሰው አለ። ምናልባት ከበሽታ ድኖ፥ ምናልባት ልጅ አግኝቶ፥ ምናልባትም ከዘመቻ ተመልሶ ስለቱን የፈጸመ አባት ነው። ስሙ ቢቈረጥ ሥዕሉ ያምር ይሆናል፤ የልጅ ልጆቹ ግን ማን እንደ ጸለየላቸው አያውቁም። አራት ጣት ሸማ ለማትረፍ ተብሎ አንድ አባት ከቤቱ ይወጣልን?

ስለዚህ ልጆቹን እንዲህ እንመክራለን። ቀብዱ የተከፈለው ለክፈፉ ነውና ክፈፉ ለወረቀት ሥዕል ይሁን፤ አይጠፋም። ለአያት ሥዕል ግን በልኩ አዲስ ክፈፍ ይሠራ። ሸማው ያረጀ ስለ ሆነ በኃይል አይወጠር፤ ከኋላው ንጹሕ አቡጀዴ በለስላሳ መርፌ ሥራ ይደገፍለትና አቡጀዴው በውስጠኛው እንጨት ላይ ይወጠር። የተበላው ጠርዝ ደግሞ በክፈፉ ሥር እንዳይሸሸግ፥ ክፈፉ ከሥዕሉ ዙሪያ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ይቁም፤ ጽሕፈቱም ሙሉ በሙሉ ይነበብ። የተበላ ጠርዝ ነውር አይደለም፤ የዘመኑ ምስክር ነው።

የቅዱስ ሥዕል ክፈፍ ሲታሰብ መዘንጋት የሌለበት ሌላ ነገር ደግሞ ስደት ነው። የሀገራችን ሥዕል በግድግዳ ላይ ብቻ የኖረ አይደለም፤ ተሸካሚ አግኝቶ ብዙ መንገድ የሄደ ነው። ኵርዐተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ከነገሥታቱ ጋር ይዘምት ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን በስናር ዘመቻ ተማርኮ ኋላ በቤዛ ተመለሰ። በመጨረሻም በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ወስዶ ለራሱ አስቀረው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 በለንደን ለሐራጅ ቀርቦ ተሸጠ። ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ፤ ወደ ባለቤቶቹ ግን አልተመለሰም። ሥዕሉ አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ሊሄድ የሚችል ትንሽ ጣውላ ነው። ትንሽነቱ ለዘመቻ አመቸ፥ ለወሳጅም አመቸ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘበት ጊዜ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚይዘው ልጁን፥ ስንቁንና ከቻለም ሥዕሉን ነው። በከባድ መስታወትና በብዙ ምስማር የታሰረ ሥዕል በዚያ ሰዓት ከግድግዳው አይነሣም፤ ቢነሣም በመንገድ ላይ መስታወቱ ተሰብሮ ፊቱን ይቧጭረዋል። ስለዚህ የክፈፉ ጀርባ በምስማር ከሚመታ ይልቅ በሚዞሩ ትንንሽ እንጨቶች ወይም በብሎን ቢያዝ፥ ሥዕሉ ሲያስፈልግ ሳይጐዳ ይወጣል። ለሥዕሉም ከአቡጀዴ የተሰፋ ከረጢት በቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። መጻሕፍትን በማኅደር እንደሚይዙ ሊቃውንቶቻችን፥ ሥዕልም ማኅደር ይኑረው። ሰላም ሆኖ ከረጢቱ ሳያስፈልግ ቢቀር እሰየው ነው።

ወጪውንም ሳናነሣ አናልፍም። የክፈፉ ዋጋ ከሥዕሉ ዋጋ በላይ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ለጐረቤት ታይታ ተብሎ፥ የልጅ ደብተርና የእናት መድኃኒት ተቀንሶ የተገዛ ክፈፍ ክብር አይሆንም። አቅም ያነሰው ቤት የታተመውን ወረቀት በንጹሕ ጣውላ ላይ በኅዳግ አኑሮ፥ አራት የተላጉ እንጨቶች በዙሪያው ቢያደርግ፥ ላዩንም በነጠላ ቢጋርድ፥ ከባለ ጠጋው ሳሎን የሚያንስበት ነገር የለም። ሥራውንም በቤት ያለ ጐረምሳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል፤ በእጁ የሠራውንም ክፈፍ ሳያውቅ እንኳ ሲጠብቀው ይኖራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የክፈፉ ፊት ለሥዕሉ የተሰጠ ነው፤ ጀርባው ግን ለቤተ ሰቡ የተተወ ነው። ክፈፉን ባሠራችሁ ቀን አንድ ንጹሕ ወረቀት ወስዳችሁ፥ ሥዕሉ ከማን እንደ ተወረሰ፥ በየት ቤት እንደ ነበረ፥ ክፈፉን ማን እንዳሠራው፥ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፉ፤ በትንሽ ፖስታም አድርጋችሁ በክፈፉ ጀርባ እንጨት ላይ እሰሩት። ከብዙ ዘመን በኋላ ክፈፉ አርጅቶ ሌላ ሲሠራ፥ ያን ቀን የሚፈታው የልጅ ልጅ ያነበዋል። በላዩም የራሱን ስም ጨምሮ መልሶ ያስረዋል።

እስከሚመጣው ወር ሰላመ እግዚአብሔር አይለያችሁ።